የረግረግ ኪራይ በበቆሎ ዋጋ ይቆረጥ

የሳምንቱ የቡና፣ የሰሊጥና የቦሎቄ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን ግን በዚህ ቻናል ዋጋው ወጥቶ ስለማያውቅ ነገር ልጽፍ ነው፤ ስለ ረግረግ።

«ረግረግና ገበያ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ለበዓል ዋዜማ ቄጤማ የገዛ ሰው ሁሉ ግን የረግረግ ምርት ገዝቷል። የታጠበ ቡና የላከ ሰውም የረግረግ ውሃ ልኳል፤ ደረሰኝ ስላልተቆረጠበት ነው የማናውቀው።

ጉዳዩን ያነሳሁት አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው። ጥያቄው ይኼ ነው፦ ገበሬው በማሳው ውስጥ ያለውን ረግረግ አድርቆ እንዳያርስ መንግሥት ድጎማ ይክፈለው ወይስ አይክፈለው?

መልሴን ከፊት አስቀምጠዋለሁ። ይከፈለው። ነገር ግን ክፍያው አንድ ጊዜ በብር ተቆርጦ ለዓመታት የሚቀመጥ ከሆነ ገንዘቡ ባይወጣ ይሻላል። ረግረግን የሚያደርቀው የእህል ዋጋ ነው። ክፍያውም ከእህል ዋጋ ጋር ካልወጣና ካልወረደ ዋጋው የጨመረ ዕለት ውሉ ይፈርሳል። ይህን የምለው ከራሴ ግምት ብቻ ተነስቼ አይደለም፤ ገንዘብ ባላት ትልቅ አገር ተሞክሮ የታየ ነው።

በመጀመሪያ ኢሉ አባቦርን እንይ

ወደ መቱ፣ ወደ ያዮ አካባቢ ለቡና የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ከዳገቱ ላይ የጫካ ቡና አለ፣ ከሥሩ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ጨፌው ተኝቷል። ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ውሃው ከዳገቱ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሶርና ወደ ገባ፣ ከነሱም ወደ ባሮ ይሄዳል። ረግረጉ ከዞኑ መሬት ትንሹ ክፍል ነው። በበጋ የምንጩን ውሃ የሚያቆየው ግን እሱ ነው። የቤት ክዳን ሣሩ፣ ቄጤማው፣ የከብት ግጦሹ፣ የመድኃኒት ቅጠሉ፣ ሴቶች የሚቀዱት ንጹሕ ውሃ፣ ሁሉም ከሱ ነው።

ገበሬው ታዲያ ለምን ያደርቀዋል? ስንፍና ወይም አለማወቅ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የቀን መቁጠሪያውን እንይ። የቡና ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የደጋው በቆሎ የሚሰበሰበውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጎተራው ግንቦት ላይ ባዶ ይሆናል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ የረሃብ ወራት ነው፤ በገበያውም በቆሎ የሚወደደው ያኔ ነው።

የጨፌ በቆሎ የሚደርሰው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ቦይ ይቆፈራል፣ ውሃው ይወጣል፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ እሸቱ ይበላል። ማዳበሪያ ብዙም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጉልበት ነው፦ ቦይ መቆፈር፣ ማረስ፣ ቀን ከዝንጀሮ ሌሊት ከአሳማ መጠበቅ።

አንድ ክረምት እዚያው አካባቢ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ተቀምጬ ስለ ጨፌው አነሳሁ። ቡና ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ወሬ ወሬን አምጥቶ ነው። «አባባ፣ ጨፌው እየደረቀ ነው ይባላል፤ ለምን አትተዉትም?» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ጨፌውን ተው ካልከኝ ሐምሌን ከየት ላምጣው?» አሉኝ። እኔ የያዝኩት ማስታወሻ የቡና ዋጋ ብቻ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁሌ ከዚህ ጥያቄ ነው የምጀምረው። ረግረግ እንጠብቅ የሚል ሁሉ ሐምሌን ከየት እንደሚያመጣ መናገር አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጨፌ ማረስ ሁሉ ጨፌ መግደል አይደለም። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲያርሰው ኖሯል። አባቶች ሥርዓት ነበራቸው፤ ውሃውን የሚያስተባብር «አባ ለጋ» የሚባል ሰው ነበር፣ እሸቱ ከተበላ በኋላ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ይመለሳል፣ ጥቂት ዓመት ታርሶ ቄጤማው እንዲመለስ ይተዋል። ችግሩ የመጣው ሲበዛ ነው። የምግብ እጥረት ሲመጣ ከላይ የወረደው መመሪያ «ረግረጉን አድርቁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አምርቱ» የሚል ነበር። ቦዩ ጠለቀ፣ ውሃው ሳይመለስ ቀረ፣ መሬቱ በከብት ተረገጠ፣ ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። እንዲህ የሆነ ጨፌ በቆሎም አይሰጥ፣ ቄጤማም አያበቅል። ገበሬው ሁለቱንም አጣ ማለት ነው።

አሜሪካ ምን ሠራች?

አሁን ወደ ቺካጎ ልውሰዳችሁ። የበቆሎ ዋጋን የምንከታተል ሰዎች ይህን ታሪክ ማወቅ አለብን።

እዚያም መጀመሪያ መንግሥት ራሱ ነው «አድርቁ» ያለው። እ.ኤ.አ. በ1849 እና በ1850 በወጡ ሕጎች የፌዴራል መንግሥቱ ረግረግ መሬት ለክፍለ ግዛቶች እየሰጠ እንዲደርቅና እንዲታረስ ገፋፋ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ካለው የአገሪቱ ረግረግ ከግማሽ በላይ ጠፋ። ዛሬ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር የምንለው አዮዋ ረግረጉን ከሞላ ጎደል ጨርሶታል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የእርሻ ሕግ ዞር አሉ። ሁለት መሣሪያ ያዙ፤ ዱላና ገንዘብ።

ዱላው «ስዋምፕበስተር» ይባላል። ረግረግ አድርቆ የዘራ ገበሬ የመንግሥት የእርሻ ድጋፍ ይከለከላል። ማድረቅ ወንጀል አይደለም፤ ድጎማውን ግን አታገኝም ማለት ነው።

ገንዘቡ ደግሞ በአጭሩ ሲአርፒ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ገበሬው በቀላሉ የሚጎዳ መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሳያርስ ሣር እንዲያለብሰው መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ ይከፍለዋል። ሲአርፒ ረግረግን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አብዛኛው የሣር መሬት ነው። በዳኮታና በሚኒሶታ ሜዳዎች ግን ሣሩና ትንንሾቹ ኩሬዎች አብረው ነው ያሉት፤ የሰሜን አሜሪካ ዳክዬ በብዛት የሚፈለፈለውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተጨመረ፦ መንግሥት ረግረጉን የማረስ መብቱን ከገበሬው ይገዛል፣ ለ30 ዓመት ወይም ለዘለዓለም። መሬቱ የገበሬው ሆኖ ይቀጥላል፣ ማረስ ግን ቀረ።

አሁን ዋጋውን አስገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2005 መከር ማግስት የአሜሪካ ገበሬ በቆሎውን በቡሼል በ2 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር (አንድ ቡሼል 25 ኪሎ ግድም ነው)። ከዚያ መንግሥት ከበቆሎ የሚሠራ ኤታኖል ነዳጅ ውስጥ እንዲደባለቅ አስገደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ግዴታውን በጣም አሳደገው። እ.ኤ.አ. በ2012 ላይ ድርቁ ተጨመረበትና ቺካጎ ላይ በቆሎ ከ8 ዶላር በላይ ወጣ።

ሲአርፒ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2007 36.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ውል ያለቀበት ገበሬ ብዙው አላደሰም። ኪራዩ በድሮ ዋጋ የተቆረጠ ነው፣ በቆሎው ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 ምክር ቤቱ ራሱ በጀት ለመቆጠብ የፕሮግራሙን ጣሪያ ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር ዝቅ አደረገው። በሃያ ዓመት ከተገነባው ከፊሉ በጥቂት ዓመት ታረሰ።

ዱላውስ? ዱላው የባሰ ተንኮል አለበት። ብዙዎቹ የእርሻ ድጋፎች የሚከፈሉት ዋጋ ሲወድቅ ነው። ዋጋ ሲወጣ ገበሬው ከመንግሥት የሚያገኘው ትንሽ ስለሚሆን ቢከለከልም ብዙ አይጎዳም። ረግረጉ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ዱላው በጣም ይቀላል። ይህን ተረድተው ነው እ.ኤ.አ. በ2014 የሰብል ኢንሹራንስ ድጎማን መልሰው ከዱላው ጋር ያሠሩት፤ ኢንሹራንስ ዋጋ ሲወጣም ይፈለጋልና። እ.ኤ.አ. በ1996 ራሳቸው ነበሩ የፈቱት።

በዚያ ሁሉ ማዕበል የማይታረሰው የትኛው ነው? የማረስ መብቱ ለዘለዓለም የተገዛው መሬት ነው። እሱ ውሉ አያልቅም፣ የበቆሎ ዋጋም አይነካውም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ክፍያ ይሠራል፤ ግን በዓመተ ምሕረት የተቆረጠ ቋሚ ክፍያ ዋጋ ሲንር ውሃ ያዘለ ጆንያ ነው፣ አይሸከምም።

ለእኛ የሚሆነው የቱ ነው?

ዘለዓለማዊ ግዢ ለእኛ አይሆንም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ያልያዘውን ሊሸጥ አይችልም። በዚያ ላይ አሜሪካዊው መቶ ሄክታር አርሶ ጥግ ላይ ያለችውን ኩሬ ነው የሚተወው። የእኛ ገበሬ የሚተወው ሐምሌን ነው።

ዱላውም አይሆንም። አንዳንድ ሰዎች «ማዳበሪያ በድጎማ ነው የሚገባው፤ ጨፌ ያደረቀ ማዳበሪያ አይሰጠው» ሲሉ ሰምቻለሁ። የስዋምፕበስተር አበሻ ቅጂ ማለት ነው። ማዳበሪያ የከለከልከው ገበሬ ግን የደጋው ምርቱ ይቀንሳል፣ ምርቱ ሲቀንስ ወደ ጨፌው የበለጠ ይገባል። ራስን በራስ መምታት ነው።

የሚቀረው የዓመት ክፍያ ነው። እሱን ነው በበቆሎ እንቁረጠው የምለው። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፣ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ «ቻናሉ እንዲህ አለ» እንዳትሉ።

አንድ አባወራ ከጨፌው 5 ኩንታል ያገኛል እንበል። ጥር ላይ በቆሎ 4,000 ብር ነው፣ ሐምሌ ላይ 6,000 ይሆናል።

አንደኛው መንገድ፦ መንግሥት በጥር ዋጋ አስልቶ 20,000 ብር ይሰጠዋል። ገንዘቡ የልጅ ልብስ፣ የዕዳ መክፈያ፣ የለቅሶና የሠርግ ሆኖ ሐምሌ ሳይደርስ ያልቃል። ባያልቅ እንኳ ሐምሌ ላይ 5 ኩንታል ለመግዛት 30,000 ብር ያስፈልገዋል። 10,000 ጎደለው። በሚቀጥለው ጥቅምት ቦዩን ይቆፍራል፤ እኔም ብሆን እቆፍራለሁ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ዩኒየኑ ጥር ላይ በቆሎውን በ4,000 ይገዛል። ለመጋዘን፣ ለማጓጓዣና ለብክነት በኩንታል 600 ብር እንጨምር፤ 4,600 ሆነ። ገበሬው ቦይ ከመቆፈር፣ ከማረስና ሌሊት ከማደር ስለዳነ 5 ኩንታል ሙሉ መክፈል አያስፈልግም፤ 4 ኩንታል ይበቃዋል እንበል። ለከፋዩ ወጪው 18,400 ብር ነው። ገበሬው ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚረከበው እህል በዚያን ጊዜ ገበያ 24,000 ብር ያወጣል።

አያችሁት? ከፋዩ ከ20,000 ያነሰ አወጣ፣ ተቀባዩ ከ20,000 የበለጠ አገኘ። ልዩነቱ ከሰማይ አልወረደም። ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው የዋጋ ልዩነት ነው፤ ሁላችሁም በየዓመቱ የምትሠሩበት ነው። ዘንድሮ ለጨፌው ይሥራ ነው የምለው። ልዩነቱ በጠበበበት ዓመት ትርፉ ይጠባል፤ ያኔም ቢሆን ገበሬው እህሉን ስለሚያገኝ ውሉ አይፈርስም። ዋጋው እጥፍ ቢሆንም አይፈርስም፤ የተዋዋለው በኩንታል ነዋ።

ሁለት ነገር ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። አንደኛ፣ ኢሉ አባቦር እርጥብ አገር ነው፤ በቆሎ በተራ ጆንያ ስድስት ወር ቢቀመጥ ነቀዝና ሻጋታ ይጨርሰዋል። አየር የማያስገባ ከረጢትና በደንብ የደረቀ እህል ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት፣ ጥቅምት ላይ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ገበሬው የሚወስነው ጥቅምት ላይ ነው፤ ኅዳር ላይ የሚመጣ ተስፋ ዋጋ የለውም።

ደግሞ ሙሉውን ጨፌ እንከልክል አላልኩም። መጠበቅ ያለበት የጨፌው ራስ፣ ውሃው የሚገባበት፣ እና መውጫው ነው። ራሱና መውጫው በቄጤማ እንደተሸፈኑ ከቆዩ መሐሉ በድሮው ሥርዓት ሊታረስ ይችላል። ስለዚህ ክፍያው ለሁሉም ሳይሆን ድርሻው ራስና መውጫ ላይ ለሆነው ሰው ነው። ወጪውም በዚያው ልክ ያንሳል።

ላኪውን ምን አገባው?

እዚህ ላይ ነው አንዳንዶቻችሁ «የመንግሥት ሥራ ነው» ብላችሁ የምታልፉት። ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ውሃ። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለ ውሃ ምንድነው? ጨፌው የደረቀ ሸለቆ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ይለቃል፣ ዝናቡ ሲያቆም ይደርቃል። የለቀማው ወቅት ደግሞ ዝናቡ የሚያቆምበት ነው። ውሃ ያነሰው ጣቢያ እሸቱን ያሳድራል፤ ያደረ እሸት ጣዕሙ ተበላሸ። የታጠበ ቡና ላይ የምታገኙት ልዩነት በከፊል የጨፌው ነው። እውነቱን ከተነጋገርን ደግሞ ብዙ ጣቢያዎች የገፈራውን ውሃ መልሰው እዚያው ጨፌና ወንዝ ውስጥ ነው የሚለቁት። ንጹሑን ወስደን ቆሻሻውን እንመልሳለን፣ በነፃ። እኔም ከዚያ ቡና ገዝቼ ስለማውቅ ከናንተ ለይቼ ራሴን አላወጣም።

ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ሕግ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አውሮፓ አይገባም የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የማሳ መገኛ ስታሰባስቡ ከርማችኋል። ረግረግ ደን ስላልሆነ ሕጉ ስለሱ አይናገርም። ግን አስቡት፦ ገበሬውን ጨፌው ላይ ያለ ምትክ ከከለከልከው በቆሎውን የት ይዘራዋል? ወደ ላይ ነዋ፣ ጫካው ዳር። አንድ ጥማድ ደን ለበቆሎ ወይም ለአዲስ ቡና የተመነጠረ ዕለት ችግሩ ከጨፌው ወጥቶ የናንተ ኮንቴነር ላይ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል የማሳ ካርታው ሥራ ከተጀመረ የጨፌውን ራስና መውጫ መጨመር ቀላል ነው። ቄጤማ መጋቢት ላይ አረንጓዴ ሆኖ መኖሩን ከሳተላይትም ከመንገድ ዳርም ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የቡናው ጥራት። በረሃብ ወራት እህል ያጣ ገበሬ ቡናውን ገና በዛፉ ላይ እያለ ይሸጣል፤ የአካባቢው አበዳሪ በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል። የተሸጠ ቡና ደግሞ ቶሎ ይለቀማል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ይደባለቃል። ከዚያ በኋላ ስለ ስፔሻሊቲ ብናወራ ከንቱ ነው። ሐምሌ ላይ እህል ያለው ገበሬ ግን ቀዩን ጠብቆ ይለቅማል።

«ግን…» ለምትሉ

«መንግሥት ገንዘብ የለውም።» እውነት ነው፣ ጠባብ ነው። ግን መንግሥት ለማዳበሪያ ይደጉማል፣ በሴፍቲኔትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከን ለሚሠራ፣ ተፋሰስ ለሚያለማ ሰው እህልና ብር ሲከፍል ኖሯል። ለተፋሰስ ሥራ እህል መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ቆፍር ብሎ ከመክፈል ይልቅ አትቆፍር ብሎ መክፈል ነው። ሕጉም መነሻ አለው፤ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 በረግረግ መሬት ያለው ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅ ያኔ ተናግሯል። የጎደለው ገበሬው እስኪጠብቀው ምን ይብላ የሚለው መልስ ነው።

እስከዚያው ዩኒየኖች መጀመር ይችላሉ። ፌርትሬድ የተመሰከረላቸው ማኅበራት በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ፕሪሚየም ያገኛሉ፤ አጠቃቀሙን የሚወስኑት አባላት ናቸው። ከዚያ ላይ ጥቂቱ የአንድ ሸለቆ ጨፌ ራስን ለመክፈል ይበቃል። አንድ ሸለቆ ይሞከር፤ ሠርቶ ከታየ ለመንግሥት ማሳየት ይቀላል።

«ገበሬው እህሉን ተቀብሎ ጨፌውንም ያርሳል።» እህሉ የሚሰጠው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ቄጤማው መኖር አለመኖሩ ግን መጋቢት ላይ ይታያል። ማየት ከመክፈል ይቀድማል። ቄጤማው ከሌለ እህሉ የለም።

«ባለርስቱ ይጠቀማል፣ ድሃው ይጎዳል።» ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ነው። ጨፌውን ብዙ ጊዜ የሚያርሰው መሬት ያነሰው ወጣት ነው፣ በእኩል ወይም በሲሶ። በአሜሪካም ቢሆን ኪራዩን በአብዛኛው የሚያገኘው ባለመሬቱ ነው። ክፍያው ባለደብተሩ እጅ ብቻ ከገባ አራሹ ወጣት ያለ ሐምሌ ይቀራል። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለፉት ዓመታት አራሽ ስም መጻፍና ድርሻው መለየት አለበት። ቄጤማ አጭደው የሚሸጡ ሴቶችም መብታቸው በውሉ ይጻፍ፤ ጨፌው ሲመለስ የመጀመሪያው ምርት የነሱ ነው።

የምጠይቃችሁ

ከዩኒየን ሰዎች፦ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ከአንድ ቀበሌ፣ ከአንድ ሸለቆ ጀምሩ። ጥር ላይ ስንት ኩንታል መግዛት እንደምትችሉ፣ የት እንደምታስቀምጡት አስሉ።

ከላኪዎች፦ እሸት የምትገዙበት ጣቢያ ውሃውን ከየት እንደሚያገኝና የገፈራውን ውሃ የት እንደሚጥል አንድ ቀን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ከበቆሎው የተወሰነ ኩንታል ልትችሉ ትችሉ እንደሆነ ተነጋገሩ።

ከነጋዴዎች፦ በጥርና በሐምሌ መካከል ያለውን የበቆሎ ልዩነት ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የየአካባቢያችሁን የሦስትና የአራት ዓመት ዋጋ ካላችሁ ላኩልኝ፤ የመቱ፣ የጎሬ፣ የበደሌ ገበያን በተለይ። እኔ ከላይ በምሳሌ ቁጥር ያሰላሁትን በእውነተኛ ቁጥር አሰልቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ስሌቴ የተሳሳተ ከሆነም አልደብቅም።

ሽማግሌው ለጠየቁኝ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም አልኩ። ዛሬ ያለኝ መልስ አራት ኩንታል በቆሎ ነው፣ በሰዓቱ፣ በደረቅ ከረጢት። ከዚህ ያነሰ ይዞ «ጨፌውን ጠብቁ» ብሎ የሚሄድ ሰው ያው እንደኔ አፍሮ ይመለሳል።

የቡና ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይጠብቁ። መልካም ገበያ።